ያልተጠሩት

ሁለት መንግሥታት ነበሩ፤ አንዱ የነጭ፣ ሌላው የጥቁር። አገራቸው ጠባብ ነበረች፤ ስምንት በስምንት፣ በጠቅላላው 64 ቤት። ሀብታቸው እኩል ነበር። ለእያንዳንዱ አንድ ንጉሥ፣ አንዲት እቴጌ፣ ሁለት ግንብ፣ ሁለት ጳጳስ፣ ሁለት ፈረስና ስምንት ወታደር ተሰጥቶታል። በመካከላቸው የተዘረጋውን ባዶ ሜዳ ሁለቱም የእኔ ነው ይሉ ነበር፤ ጠባቸውም ከዚያ ሜዳ የተነሣ ነው።

በጦርነቱ ዋዜማ የነጩን ንጉሥ እንቅልፍ አልወሰደውም። ሲያወጣ ሲያወርድ አምሽቶ እኩለ ሌሊት ላይ አንድ ወታደር አስጠራ። ያስጠራው ከሩቅ መንደር አልነበረም። በቀኙ ካለው ጳጳስ ፊት የሚቆመውን፣ የራሱን ደጅ የሚጠብቀውን ወታደር ነው። ያ ልጅ ከቦታው ከተነሣ ጠላት አሻግሮ የንጉሡን መቀመጫ የሚያይበት ቀዳዳ ይከፈታል። ይህንን ንጉሡም ያውቃል፣ ወታደሩም ያውቃል።

«ልጄ» አለው ንጉሡ፤ «ነገ ጠዋት ጓደኛህ ከፊቴ ተነሥቶ ሁለት ቤት ይራመዳል። የጥቁሩም ወታደር ሁለት ቤት ወጥቶ ይገጥመዋል። ከዚያ ተራው ያንተ ነው። ሁለት ቤት ወጥተህ ከጓደኛህ ጎን ትቆማለህ።»

«ጃንሆይ፣ እዚያ ከቆምኩ እኮ ጥቁሩ ይበላኛል።»

«አዎን፣ ይበላሃል።»

ወታደሩ አንገቱን ደፍቶ ጥቂት ቆየ። «በእኔ መበላት ምን ይገኛል?» ሲል ጠየቀ።

«የሚበላህ ወታደር የሜዳውን መካከል ለቆ ወደ ጎን ይሄዳል፤ መካከሉ ለእኛ ይቀራል። እርሱ አንተን ለመብላት አንድ እርምጃ ሲያጠፋ እኛ ከቤት አንድ ሰው እናወጣለን። ጳጳሱ መንገድ ያገኛል፣ ፈረሶቹ መውጫ ያገኛሉ፣ ግንቦቹም ወደፊት ማየት ይጀምራሉ። አንተ የምትገዛልን ጊዜ ነው።»

«ጃንሆይ፣ በመድፈሬ ይቅር ይበሉኝ። እኔ ነፍሴን እሰጣለሁ። እርስዎስ ምን ይሰጣሉ?»

በብዙ ተረቶች እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀ ሰው ሳይነጋ ይቀጣል። የነጩ ንጉሥ ግን አልተቆጣም።

«ቤቴን እሰጣለሁ» አለ። «አንተ የምትለቀው የእኔን ደጅ ነው። ነገ ከመቀመጫዬ መነሣቴ አይቀርም፤ ከግንብ ጀርባ መጠለሉም ያመልጠኛል። ሜዳ ላይ ከእናንተ ጋር እውላለሁ። ይህን ለመክፈል ባልቆርጥ ኖሮ አንተን አላስጠራም ነበር።»

ወታደሩ እጅ ነሥቶ ወጣ። ሲነጋም እንደ ታዘዘው ሁለት ቤት ተራምዶ ቆመ፤ ጥቁሩም በላው።

ለእኔ የዚህ ተረት ክብደት ያለው በዚያ ሌሊት ንግግር ላይ ነው። ሕዝቡን መስዋዕትነት የሚጠይቅ መሪ ሁሉ «እርስዎስ?» የሚለውን ጥያቄ ተቀብሎ መመለስ አለበት ብዬ አምናለሁ። መልስ የሌለው ከሆነ ልጁን ባያስጠራው ይሻለዋል።

ቼዝ የሚያውቁ ሰዎች ይህን አከፋፈት የንጉሥ ጋምቢት ይሉታል። ዕድሜው ረጅም ነው፤ ስፔናዊው ቄስ ሩይ ሎፔዝ እ.ኤ.አ. በ1561 ባወጣው የቼዝ መጽሐፍ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። በ19ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓ ተጫዋቾች ከልባቸው ይወዱት ነበር። የሚወደደውም የሚፈራውም በአንድ ምክንያት ነው፤ ማጥቃቱ የሚጀምረው የራስን ደጅ በመክፈት ነው።

ወደ ጥቁሩ ግቢ እንሂድ። እዚያ ነጋሪት እየተጎሰመ ነው። ጦርነቱ ገና ሁለተኛ እርምጃው ላይ ሳለ አንድ ነጭ ወታደር ተበልቷል። ሕዝቡ እልል አለ። ንጉሡ ደስ እያለው «አሁንስ ማንን እንላክ?» ብሎ ሲጠይቅ ሁሉም ዞረው ያዩት ወደ አንድ ሰው ነበር።

እቴጌይቱ ክፉ ሴት አልነበረችም። ፊት ለፊት ትሄዳለች፣ አግድም ትሄዳለች፣ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ትበርራለች፤ በአገሩ እንደ እርሷ ያለ ብርቱ የለም። ንጉሧንም ትወድ ነበር። ችግሩ ብርታቷ ለሌላው ሁሉ የመቀመጫ ሰበብ መሆኑ ነው። ጳጳሱ «እቴጌ አሉልን» ይላል። ግንቡም «እቴጌ አሉልን» ይላል። ንጉሡም ቢሆን አሥራ አምስት ሰው ሰብስቦ ከመምከር አንድ ስም መጥራት ይቀለዋል። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ጥፋቱን በብርቱዋ ሰው ላይ ብቻ መጫን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

ስለዚህ በሦስተኛው እርምጃ እቴጌይቱ ብቻዋን ወጥታ የሜዳውን ጫፍ ያዘች። የተበላው ወታደር በተወው ቀዳዳ አሻግራ የነጩን ንጉሥ «ተነሥ!» አለችው። ንጉሡም ተነሣ። አንድ ቤት ወደ ቀኝ ፈቀቅ አለ። በቼዝ ሕግ አንዴ ከመቀመጫው የተነቃነቀ ንጉሥ ከግንብ ጀርባ የመጠለል መብቱ ይቀራል። ሌሊት የገባውን ቃል ጠዋት ከፈለ።

ጥቁሩም አንድ ወታደር በፈቃዱ ሰጥቷል፤ ይህን መደበቅ ተገቢ አይደለም። የሰጠው ግን ከንጉሡ ደጅ አልነበረም። ከግቢው ርቆ በአገሩ ዳር አካባቢ የሚኖር አንድ ወታደር «ሂድ» ተባለ፤ ሄደ። ለምን እንደሚሄድ የነገረው የለም። እርሱም አልጠየቀም፤ የሚጠይቀው ንጉሥ አጠገቡ አልነበረም። የነጩ ጳጳስ በላው፤ በግቢውም ስሙን ያነሣ ሰው አልተገኘም።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በጥሞና መከታተል ያስፈልጋል። አምባላይ የተባለው የነጩ ፈረስ ከቤቱ ዘሎ ወጥቶ እቴጌይቱን ተፈታተናት፤ እርሷም ሸሸች። እንደገና ዘለለ፤ እንደገና ሸሸች። ሁለት ነጭ ወታደሮች በዳር በኩል ወጥተው አንዱ ሲገፋት ሌላው ደጋፊ ሆነ። እርሷ አንድ በሸሸች ቁጥር ከነጭ በኩል አንድ አዲስ ሰው ሜዳ ይገባል። ጥቁሩ በጨዋታው በሙሉ ከተራመዳቸው 22 እርምጃዎች ስምንቱን የሄደችው እርሷ ናት። ብዙ ደከመች፤ ድካሟ ግን የሸሸችበትን ቤት በሌላ ቤት ከመለወጥ አላለፈም።

በዚህ መካከል የነጩ ጳጳስ በአንድ ጥቁር ወታደር ተያዘ። ጓደኞቹ ሊያስጥሉት ይችሉ ነበር። እርሱ ግን «ለእኔ ብላችሁ እርምጃ አታጥፉ፣ ሥራችሁን ቀጥሉ» ብሎ ላከባቸው። ግንቡ ወደ ጎን ወጥቶ ለወታደሮቹ ጀርባ ሆነ። ጳጳሱም ተበላ። በጥቁሩ ግቢ ነጋሪቱ ለሁለተኛ ጊዜ ተመታ።

ጉራች የሚባል ፈረስ በጥቁሩ በኩል ነበረ። ከእቴጌይቱ ሌላ ከቤቱ ወጥቶ በርትቶ የሠራ እርሱ ብቻ ነው። በአምስተኛው እርምጃ ወጣ፤ ቀጥሎ የተበላውን ወታደር ቦታ የያዘውን ጓደኛቸውን ሊጠብቅ ወደ ዳር ሄደ፤ ከዚያ ደግሞ ነጭ ወታደር መጥቶበት ወደ መካከል ተመለሰ። አሁን የነጩ እቴጌ ወጣች። ሁለተኛውም ነጭ ጳጳስ መንገዱን አስተካክሎ ሊወረወር ተዘጋጀ። የጥቁሯ እቴጌ ዙሪያዋ ተዘጋ፤ አንድ መውጫ ብቻ ቀራት፤ እርሱም ጉራች የቆመበት ቤት ነበር።

«ጉራች፣ ወደ ጋጥህ ተመለስ፤ እቴጌ ያልፋሉ» ተባለ።

ተመለሰ። ከጋጡ አጠገብ፣ በማዕዘኑ ላይ፣ አሮጌው ግንብ ቆሟል። አገሬው አያ ግንቦ ይለዋል።

«ምነው ጉራች፣ በቶሎ መጣህ?» አለው።

«ለእቴጌ መንገድ ልቀቅ ተባልኩ፣ አያ ግንቦ።»

«ያ ሁሉ ስትደክም የዋልኸውስ?»

«አራት ጊዜ ተነሣሁ። አራተኛው ከተነሣሁበት ቤት መለሰኝ።»

አያ ግንቦ ከድንጋዩ ውስጥ ረጅም ትንፋሽ አወጣ። «አንተስ ተነሥተሃል። እኔ ስሜ አንድ ቀን አልተጠራም። ጉልበቴ ከእቴጌ ቀጥሎ መሆኑን ታውቃለህ። መንገድ ቢከፈትልኝ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ትንፋሽ እደርሳለሁ። ግን ከፊቴ ወታደር አለ፤ እርሱም አልተጠራም። ከጎኔ ደግሞ ይኸው አንተ መጣህና ቆምክ። ወንድሜ በዚያኛው ማዕዘን እንደዚሁ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲባል እንሰማለን፤ በዚህ ቤት ግን ሃምሳውንም እቴጌ ተሸክመው ይሮጣሉ።»

«ታዲያ ይህን ለምን ለጃንሆይ አልነገሯቸውም?»

«ማን ጠይቆኝ?»

ጉራች መልስ አልነበረውም። እኔ ግን በአያ ግንቦ ላይም እፈርዳለሁ። አለመጠራቱ በደል ነው፤ እውነት ነው። ነገር ግን «ማን ጠይቆኝ» እያለ የቤቱን መፍረስ ቆሞ የሚያይ ሰው ከጥፋቱ ድርሻ አለው። ይህ ቃል የብርቱዎችን አፍ የዘጋበት ቤት፣ መሥሪያ ቤትና ማኅበር ቁጥር ስፍር የለውም። አዋቂው ዝም ይላል፤ የማያውቀው ይወስናል፤ ሲፈርስ ሁለቱም ከፍርስራሹ ሥር ይገኛሉ።

እዚህ ላይ ስለ አገራችን ሰንጠረዥ አንድ ነገር ብናገር ከነገሩ አልወጣም። በኢትዮጵያ ቤተ መንግሥትና በመኳንንቱ ቤት ይዘወተር የነበረው ያ ጥንታዊ ጨዋታ የቼዝ ዘመድ ነው። አጀማመሩ ግን ከሌላው ዓለም ይለያል። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተጫዋቾቹ ተራ አይጠባበቁም፤ ሁለቱም የየራሳቸውን ሠራዊት እያንቀሳቀሱ ያሰልፋሉ፤ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ያስተካክላል። ይህ ክፍል ወረራ ይባል ነበር። መብላት የሚመጣው ሠራዊቱ ከቤት ከወጣ በኋላ ነው። አባቶቻችን በጨዋታቸው ውስጥ ያስቀመጡት ይህ ሥርዓት ትልቅ ማስተዋል እንዳለው አስባለሁ። የጥቁሩ ንጉሥ ግን መሰለፍን ትቶ ከመብላት ጀመረ፤ መብላቱም ጣፈጠው።

እንዲያውም አሁን ነው የጣፈጠው። እቴጌይቱ በጉራች ቦታ በኩል አልፋ ዓይኗን ወደ ነጩ አገር ጥግ ጣለች። እዚያ አንድ ወታደርና አንድ ግንብ ጠባቂ የላቸውም። ከጥቁሩ ጳጳሶችም አንዱ በመጨረሻ ወጣ፤ የወጣው ግን ግቢውን ሊጠብቅ ሳይሆን ሌላኛውን የነጭ ግንብ ፈልጎ ነው። እቴጌይቱ ወታደሩን በላች፤ ነጋሪት። ጳጳሱ አንዱን ግንብ በላ፤ ነጋሪት። እቴጌይቱ ሁለተኛውን ግንብ በላች፤ ነጋሪት። በግቢው ውስጥ የምርኮ ዝርዝር ይጻፍ ጀመር። ጸሐፊው የሚያነበውን እየሰማ ሕዝቡ ያጨበጭባል፤ «ጠላት አለቀለት፣ ግንቦቹን ሁሉ ጨረስንለት» እየተባለ ይዘፈናል። በማዕዘኑ ያሉት የራሳቸው ሁለት ግንቦች ምን እየሠሩ እንደሆነ ያሰበ አልነበረም።

በነጩ በኩል ነጋሪት አልተመታም። ሁለተኛው ፈረስ ከቤቱ ወጥቶ የሜዳውን መካከል ያዘ። ሁለተኛው ጳጳስ ገፍቶ ከጥቁሩ ግቢ ደጃፍ ደረሰ። ከዚያ በመጀመሪያው ጠዋት ሁለት ቤት ተራምዶ የቆመው ወታደር፣ የዚያ የተበላው ልጅ ጓደኛ፣ አንዲት እርምጃ ወደፊት ሄደ።

ያችን እርምጃ ቀረብ ብለን እንያት። ወታደሩ ማንንም አልበላም፤ ማንንም አላስፈራራም። የቆመበት ቤት ግን እቴጌይቱ ካለችበት ጥግ ተነሥቶ ወደ ግቢዋ በሚወስደው ሰያፍ መንገድ ላይ ነው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሩቅ ብትሆንም ከዚያ ጥግ ሆና በንጉሧ አቅራቢያ ያለውን ወታደር መጠበቅ ትችል ነበር። አሁን በእርሷና በቤቷ መካከል አንድ ተራ ወታደር ቆመ። በአገሩ ብርቱ የተባለችው እቴጌ ወደ ቤቷ የሚመለስ መንገድ የላትም። እርሷም ዘወር ብላ አላየችም፤ ፊቷ ላይ የሚበላ ግንብ ነበረ።

ግንቡን ስትበላ የነጩን ንጉሥ ደግማ «ተነሥ!» አለችው። ተነሣ፤ አንድ ቤት ወደፊት ወጥቶ ሜዳው ላይ ቆመ። ቤትም፣ ግንብም፣ ደጅም የለው።

የጥቁሩ ንጉሥ ነገሩ የሸተተው ያን ጊዜ ነው። ደንግጦ ዙሪያውን ቃኘና በቀኝ በኩል ያለውን ሌላውን ፈረስ ጠራው። ፈረሱ ከጦርነቱ መጀመሪያ አንሥቶ ስሙ ሲጠራ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ሃያኛው እርምጃ ላይ መሆኑ ነው። ጋጡ ውስጥ ደርቆ የነበረ እግሩን ዘርግቶ ዘለለ። የደረሰው ከሜዳው ዳር ነው። ከዚያ በላይ የሚዘልበት ጊዜ አልተሰጠውም።

አምባላይ ዘሎ የግቢውን ደጅ ጠባቂ ወታደር በላ። ያ ወታደር እቴጌይቱ ትጠብቀው የነበረው ነው። ንጉሡ ከመቀመጫው ተነሥቶ አንድ ቤት ሸሸ፤ የሸሸበትም ቤት እቴጌይቱ በጠዋት ትታው የሄደችው የራሷ መቀመጫ ነበር።

የነጩ እቴጌ ተነሣች። ስትሄድ ያያት ሁሉ ጤንነቷን ተጠራጠረ፤ ከጉራች አፍ ውስጥ ገብታ ነውና የቆመችው። «ንጉሥ ሆይ፣ ተይዘሃል» አለች። በጥቁሩ ግቢ ድንጋጤው ለቅጽበት ወደ ደስታ ተለወጠ። «ጉራች! ብላት!» ብለው ጮኹ። ጉራች ከጋጡ ዘሎ በላት። ጋጡ ውስጥ ሆኖ ከንጉሡ አጠገብ ያለችውን አንዲት ቤት ይጠብቅ ነበር፤ ሲዘል ያች ቤት ባዶዋን ቀረች። የነጩ ጳጳስ ወደዚያች ቤት ገብቶ ቆመ።

ንጉሡ መውጫ ፈለገ። ሁለቱ ነጭ ፈረሶች ሜዳውን ተከፋፍለው ይዘውታል። ከፊቱ ያለውን ቤት የዘጋበት የራሱ ወታደር ነው። ከጎኑ ያለውን ቤት የዘጋበት የራሱ ጳጳስ ነው።

«አባታችን» አለው ንጉሡ ለጳጳሱ፤ «እባክዎ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ።»

«ጃንሆይ፣ እኔ ከዚህ ቤት ወጥቼ አላውቅም። ሲነጋ ቢጠሩኝ ኖሮ እስከ አሁን ሜዳው ጫፍ ደርሼ በተመለስኩ ነበር፤ ይህም ቤት ለእርስዎ ባዶ ይሆን ነበር። አሁን ተራችን አብቅቷል።»

እውነቱን ነው የተናገረው። ንጉሡም ያውቅ ነበር።

ይህ ጦርነት በእርግጥ የተካሄደ ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 21 ቀን 1851 በለንደን ከተማ፣ ስትራንድ በሚባለው ጎዳና ላይ በነበረው ሲምፕሰንስ ዲቫን በተባለ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ተጫወቱት። ነጩን የያዘው አዶልፍ አንደርሰን ነው፤ ብሬስላው በሚባለው፣ ዛሬ ቭሮትስዋፍ ተብሎ በፖላንድ ውስጥ በሚገኘው ከተማ የሒሳብ መምህር ነበር። ጥቁሩን የያዘው ሊዮኔል ኪዘሪትስኪ ነው፤ ዛሬ የኢስቶኒያ በሆነችው በታርቱ ተወልዶ በፓሪስ ካፌዎች ቼዝ በማስተማር የሚተዳደር ብርቱ ተጫዋች ነበር። በዚያው ሰሞን በለንደን የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የቼዝ ውድድር ይካሄድ ስለነበር ሁለቱም የመጡት ለእርሱ ነው። ውድድሩን ያሸነፈው አንደርሰን ሲሆን ይህ ጨዋታ ግን ከውድድሩ ውጭ፣ በእረፍት ሰዓት የተደረገ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ኤርንስት ፋልክቤር የተባለ የቼዝ ጸሐፊ «የማትሞተው ጨዋታ» ብሎ ሰየማት፤ እስከ ዛሬም የምትጠራው በዚሁ ስም ነው።

ሊቃውንት ከዚያ በኋላ እርምጃዎቹን አንድ በአንድ መርምረዋል። የነጩም ማጥቃት እንከን የለሽ አልነበረም፤ ለጥቁሩ የመዳኛ ዕድል የተገኘበት ጊዜ ነበር። ኪዘሪትስኪ ግን በላ። ቼዝ ማስተማር የዕለት እንጀራው የሆነ ሰው ሳለ እንኳ፣ ፊቱ የቆመው ምርኮ ከኋላው የቀረውን ቤት አስረሳው።

ለዚህ ሰው ያለኝ አክብሮት ከዚህ በኋላ በሠራው ሥራ የተነሣ ነው። የተሸነፈበትን ጨዋታ አልደበቀም። ራሱ ያዘጋጀው በነበረው ላ ሬዣንስ በተባለው የቼዝ መጽሔት ላይ በዚያው ዓመት አውጥቶ ለአንባቢዎቹ አሳየ። ዛሬ እኛ ይህን ሁሉ ማየት የቻልነው የተሸነፈው ሰው ሽንፈቱን በገዛ እጁ ስላተመው ጭምር ነው። መሪም ሆነ ተራ ሰው፣ የራሱን ጥፋት ሌላው እንዲማርበት በአደባባይ ማኖር ከድል ያላነሰ ሥራ ነው ብዬ እፈርዳለሁ። ኪዘሪትስኪ እ.ኤ.አ. በ1853 በፓሪስ አረፈ።

ሒሳቡን እነሆ። በመጨረሻው እርምጃ በነጩ በኩል የቀሩት አሥር ናቸው፤ ንጉሡ፣ ሁለት ፈረስ፣ አንድ ጳጳስና ስድስት ወታደር። እቴጌያቸው የለችም፤ ሁለቱም ግንቦች የሉም። በጥቁሩ በኩል ግን 13 ቀርተዋል። እቴጌይቱ አለች፤ ሁለቱ ግንቦች አሉ፤ ሁለቱ ጳጳሶችና ሁለቱ ፈረሶች ሁሉ በሕይወት አሉ። ከሦስት ወታደር በቀር አንድም አልጎደለባቸውም። በምርኮ ዝርዝሩም ላይ ስሕተት አልነበረም። የተያዘው የእነርሱ ንጉሥ ነው።

በቤታችሁ የቼዝ ሰሌዳ ካላችሁ ይህችን ጨዋታ ፈልጋችሁ ከልጆቻችሁ ጋር በጠጠር ተጫወቷት፤ 23 እርምጃ ብቻ ናት። ስትጨርሱ ግን ጠጠሮቹን ቶሎ አትሰብስቡ። መጀመሪያ በሕይወት ካሉት ጥቁሮች መካከል ከተነሡበት ቤት አንድ ጊዜ እንኳ ያልተነቃነቁትን ልጆቻችሁ ይቁጠሯቸው። ሰባት ናቸው።